እናቴ ያልሰፋችልኝ ኪስ

እናቴ ለሰው ልጅ ሁሉ ኪስ ስትሰፋ ኖራ ለእኔ አንድ እንኳ አልሰፋችልኝም። ይህን የምለው የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ሆኜ ነው። ሥራ አለኝ፣ የራሴ ወንበርና የራሴ መስኮት አለኝ። ቢሆንም ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል፤ ከምደብቀው ብናገረው ይሻለኛል።

እናቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ትንንሾቹን፣ ገና አፍንጫቸውን መጥረግ ያልቻሉትን መያዝ ከጀመረች ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የራሷ አሠራር አላት። አዲስ ልጅ ሲመዘገብ እናትየዋን ጠጋ ብላ "ያረጀ ቀሚስ አለሽ?" ትላታለች። "የታጠበ እንዳታመጪልኝ። ለብሰሽው የሰነበትሽውን ነው የምፈልገው።" ከቀሚሱ ጫፍ የመዳፍ ያህል ትቆርጥና በልጁ ጋዋን ግራ ኪስ ውስጥ፣ ከውስጥ በኩል ትሰፋዋለች። ልጁ ሆድ ሲብሰው እጁን ኪሱ ይከትና እናቱን ይዳብሳል። ሲብስበትም ኪሱን ገልብጦ ያሸታል። በሳምንቱ ለቅሶ የሚባል ነገር የለም። ሰፈሩ "እማማ ኪስ" ይላታል፤ እሷም ደስ ይላታል።

እኔም አራት ዓመት ሲሞላኝ እዚያው ክፍል ገባሁ። ጋዋኔ ኪስ ነበረው፤ ኪሱ ግን ባዶ ነበር። እንደ ሌሎቹ ስፊልኝ ብዬ ባለቅስ "እናትሽ እኮ እዚሁ ናት፤ ጨርቅ ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እዚሁ ነበረች፤ ሃያ ሁለት ልጅ ቀሚሷ ላይ ተንጠልጥሎ። "እማ" ብዬ መጥራት እንኳ ክልክል ነበር። ሌሎቹ እንዳይከፋቸው ተብሎ እኔም "መምህር" ነበር የምላት።

አሁን የዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚሲዮናውያኑ መጡ፤ ባል፣ ሚስትና አንዲት የአራት ዓመት ልጅ። ባልየው ፓስተር ነው፤ ሚስትየው የመጣችው ሕፃናት ልታስተምር ነው። የልጅቷ ፀጉር ከመንጣቱ የተነሳ ሰፈሩ በመጀመሪያው ቀን "ጥጥ" አላት፤ ወላጆቿም ሳይቀሩ ስሙን ለመዱት። ከግቢው ጀርባ፣ ከእኛ ቤት ጎን ያለው፣ በሩን ለመዝጋት መጀመሪያ ከፍ ማድረግ የሚያስፈልገው ቤት ተሰጣቸው።

አገር መልመድ ቀላል አይደለም። ፓስተሩ ቋንቋውን ከመጽሐፍ ስለተማረ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ልጆቹ ጤና ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ዳቦ ቤት ሲደርስ ዳቦው አልቆ ይጠብቀዋል። ሚስትየው ደግሞ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የነገራት አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ፀጉሯ ሳሙና እንደሆነ፣ ፎጣ ጣል አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና በራችንን አንኳኳች። እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት በጆግ እያፈሰሰች አጠበቻት፤ ከጆሮዋ ጀርባ ሳይቀር፣ እንደ ልጅ። "ጀሪካን ይግዙ የኔ እመቤት! ሁለት ጀሪካን!" አለቻት። ሴትየዋ እጇን ይዛ ሳመቻት። ያን ቀን ተዋደው ነበር።

ፍቅሩ የቆየው ትምህርት እስኪከፈት ነው። ትንንሾቹ ሃያ ስምንት ስለሆኑ ለሁለት ተከፈሉ፤ አሥራ አራቱ ለእናቴ፣ አሥራ አራቱ ለሚሲዮናዊቷ። ክፍሎቹ ፊት ለፊት ናቸው፤ የእኔ ቢሮ ጫፉ ላይ ሆኖ ሁለቱንም በር ያያል። ስለዚህ ያየሁትን ነው የምናገረው። ሚሲዮናዊቷ ከባሏ ካልሲ አሻንጉሊት ሠርታ፣ ቁልፍ ዐይን ተክላለት፣ እጇ ላይ አጥልቃ ታናግራለች። ልጆቹ "አቶ ካልሲ" አሉት። አቶ ካልሲ ሲቆጥር ይሳሳታል፣ ልጆቹ እየጮሁ ያርሙታል፣ ግቢው በሳቅ ይናጋል። በሦስተኛው ሳምንት የእናቴ ልጆች ሽንታቸው በዛ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ "ሽንት ቤት" ብለው ይወጡና ማዶ መስኮት ላይ ተለጥፈው አያቸዋለሁ። እናቴ በራፏ ላይ ቆማ፣ ጠመኔዋን በመዳፏ ውስጥ እያደቀቀች ታያቸዋለች።

"ማስተማር ነው ይሄ?" ትለኛለች ቤት ስንገባ ጫማዋን እያሽቀነጠረች። "ካልሲ ማናገር ማስተማር ነው?"

"ልጆቹ እስከ ሃያ ቆጥረዋል አሉ" አልኳት። ነገር ፈልጌ ነው።

"ማን አለ?"

"ካልሲው።"

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን የሟች አባቴን ካልሲ ከሳጥን አውጥታ፣ ሁለት ጥቁር ቁልፍ ሰፍታበት ክፍል ይዛ ገባች። እናቴ ደግሞ ድምጿ ወፍራም ነው። ካልሲው "እንደምን አደራችሁ!" ሲል ፊት ወንበር ላይ ያለው ልጅ እዚያው ሱሪው ላይ ለቀቀው፤ ሌሎቹም ተከትለው አለቀሱ። ካልሲው ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ልስቅባት ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ተውኩት።

ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ጠራት። በሚቀጥለው ዓመት ትንንሾቹ በአንድ ክፍል ይጠቃለላሉ፣ አንዲት መምህርት ብቻ ትይዛቸዋለች፣ ማን እንደምትይዝ ዓመቱ ሳያልቅ ኮሚቴው ይወስናል አላት። "እርስዎ እንኳ ደክመዋል። የዕቃ ክፍሉ ሰው ይፈልጋል፤ ቀለል ያለ ሥራ ነው።"

የዕቃ ክፍሉ ጠመኔና መጥረጊያ የሚቀመጥበት ነው። እናቴ ከቢሮው ስትወጣ በእኔ ጠረጴዛ በኩል አለፈች። "ልጅ ይዤ ኖሬ፣ መጥረጊያ ልጠብቅ?" አለችኝ።

አሁን ወደ ጥጥ እንምጣ። ፓስተሩ ልጁ ቋንቋውን ቶሎ እንድትለምድ ብሎ እናቴ ክፍል አስገብቷት ነበር። ልጅቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልቅሳ አታባራም። እናቷ ማዶ ሌሎች ልጆች ስታስቅ እየሰማች ታለቅሳለች። እንግዲህ ሁሉም ልጅ ኪስ ሲሰፋለት ለጥጥ ያልተሰፋላት ለምንድን ነው? እኔው ጠይቄ ነበር። "እናቷ እኮ እዚሁ ናት" አለችኝ እናቴ። ያቺን አነጋገር ስሰማ ጥርሴን ነክሼ ወደ ጽሕፈቴ ተመለስኩ።

ዳይሬክተሩ በጠራት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ስትሰፋ አገኘኋት። ጭኗ ላይ ትንሽ ጋዋን አለ። አጠገቧ ሳምንቱን ሙሉ ለብሳው የሰነበተችው አረንጓዴ ቀሚሷ ተዘርግቷል፤ ጫፉ ተቆርጧል። ያን ቀሚስ በልኬ አሳጥሪልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ፤ "መቀስ አይነካውም" ብላኝ ነበር።

"የማን ጋዋን ነው?"

"የጥጥ። ቁልፉ ተበጥሶ ነው ብዬ ወሰድኩት።"

"ጨርቁ ግን ያንቺ ነው።"

"አንቺ ልብስሽን አጣጥፊ" አለችኝ ቀና ሳትል።

ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝ። ክፉ ሥራ እንደሆነም ገባኝ። ግን በዚያች ሰዓት ለሚሲዮናዊቷ አላዘንኩም፤ ለራሴ ነው ያዘንኩት።

ሰኞ ጥጥ እጇን ኪሷ ከተተች። ረቡዕ ለቅሶዋ ቆመ። በወሩ የእናቴ ጭራ ሆነች። ጠመኔ ታቀብላታለች፣ እናቴ ስትቀመጥ ትቀመጣለች፣ ስታስነጥስ ታስነጥሳለች። ከሰዓት በኋላ ሚሲዮናዊቷ በሩ ላይ ተንበርክካ እጇን ስትዘረጋላት ጥጥ የእናቴ ቀሚስ ውስጥ ትወሸቃለች። እናቴ "ሂጂ እንጂ የኔ ማር፣ እናትሽ ናት እኮ" ትላታለች፤ እጇ ግን የልጅቷን ራስ ይዳብሳል። ሚሲዮናዊቷ ፈገግ ትላለች፤ ዐይኗ ግን አይስቅም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። በራሴ መስታወት ስንቴ አይቼዋለሁ።

ኮሚቴው ሐሙስ ሊሰበሰብ፣ ሰኞ ጠዋት ሚሲዮናዊቷ ቢሮዬ ገባች። የልጇን ጋዋን ይዛለች። እጇ በሳሙና ብዛት ቀልቷል፤ እጥባለሁ ብላ ነው ያገኘችው። የኪሶቹን ነገር ወላጆች አጫውተዋት ታውቅ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ "እንዴት ያለ ጥበብ ነው" ብላ አድንቃለች። ኪሱን ገልብጣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

"እኔ አረንጓዴ ልብስ የለኝም" አለች ቀስ ብላ። "ይህ ጨርቅ የማን ነው?"

አላውቅም ማለት እችል ነበር። የእናቴ እንጀራ ነው የተያዘው፤ ለሐሙስ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ አፌ ቀደመኝ።

"የእናቴ ነው" አልኩ። "ከአረንጓዴው ቀሚሷ ቆርጣ ነው።"

ጋዋኑን አንስታ ወጣች። እኔም አንድ ፋይል አንስቼ ተከተልኳት። ፋይሉ ለምን እንዳስፈለገኝ አትጠይቁኝ።

ልጆቹ ወረቀት እየቆረጡ ነበር። ሚሲዮናዊቷ ጋዋኑን ለእናቴ አሳየቻት። "ይህ የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው" አለች እናቴ።

"ለምን?"

"ሃያ ስምንቱንም ወሰድሽብኝ።" እስከዚያ ቀን እሷም እርስዎ ነበር የምትላት። "ያንን ካልሲ አጥልቀሽ ሁሉንም ጠራርገሽ ወሰድሽብኝ። እኔ አንዷን ወሰድኩብሽ። ቀናሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ሴትየዋ ግን በልጆቹ ወንበር ላይ፣ ጉልበቷ አገጯ እስኪደርስ ቁጭ አለች።

"ልጄ ስትወድቅ እርስዎን ነው የምትጠራው" አለች። "ጉልበቷ ደምቶ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ። የሰው ልጅ ላስተምር ባሕር ተሻግሬ መጣሁ፣ የራሴ ልጅ ከእጄ ወጣች። እኔም ቀንቻለሁ። ጠዋት ጠዋት እጸልይበታለሁ፤ አልለቀቀኝም።"

ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የልጆቹን መቀስ አነሳችና የሰማያዊ ቀሚሷን ጫፍ ይዛ መቁረጥ ጀመረች። የልጆቹ መቀስ ጫፉ ድፍን ነው፤ ጨርቁን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። እሷ ትታገላለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ። እናቴ ትንሽ ቆማ አየቻት። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ የራሷን መቀስ አወጣች።

"እሱ ወረቀትም በወግ አይቆርጥ" አለች። "አምጪ።"

እናቴ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የሚሲዮናዊቷን ቀሚስ ጫፍ የመዳፍ ያህል ቆረጠች። አረንጓዴውን በጥርሷ ተርትራ አነሳች፣ ሰማያዊውን እዚያው ሰፋች፣ ጋዋኑን ለጥጥ አለበሰቻት። ልጅቷ እጇን ኪሷ ከተተች። ቆም አለች። ኪሷን ገልብጣ አሸተተችው። ከዚያ ወደ ትንሿ ወንበር ሄዳ እናቷ ጉልበት ላይ ተደገፈች። እናቴ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረችና ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ታጠፋ ጀመር።

ሐሙስ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሚሲዮናዊቷ ብድግ ብላ "ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ከፍ ትላለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ወደ ትልልቆቹ ልውጣ። ትንንሾቹ የእርሳቸው ናቸው" አለች። ዳይሬክተሩ ኮሚቴውን ዞር ዞር ብሎ አየና "ይጻፍ" አለኝ። የሚሲዮናዊቷ ነገር ደግነት ብቻ አልነበረም። ልጇን ከእናቴ እጅ የምታወጣበት መንገድ ነበር፤ እናቴም ይህን አውቃለች። ቢሆንም ክፍሏ ተረፈላት።

ቤት ስንገባ ጫማዋን አላሽቀነጠረችም። አረንጓዴዋን ቁራጭ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ።

"ማን ነገራት?"

"እኔ።"

"አንቺ?" አለች። ድምጿ እንደዚያ ሲቀጥን ሰምቼ አላውቅም። "ዕቃ ክፍል ልትጥይኝ? ምን በደልኩሽ?"

"ለእኔ አልሰፋሽልኝም" አልኳት። በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ እንደ አራት ዓመት ልጅ እየተንሰቀሰቅሁ። "ለሰው ልጅ ሁሉ ሰፋሽ፤ ለባዕድ ልጅ እንኳ ያንን ቀሚስ ቆረጥሽ። ለእኔ ግን አልሰፋሽልኝም።"

"አንቺማ እናትሽ እዚያው ነበረች።"

"ነበረች?"

እናቴ መነጽሯን አደረገች፣ መርፌ ያዘች፣ ክሩን አራሰች። ወንበሩ ላይ የሰቀልኩትን የሥራ ኮቴን አንስታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

"በየትኛው እጅሽ ነው ኪስሽን የምትነኪው?" አለችኝ።