ከሳንቃው ማዶ የሚስቅ ሰው

እኔ ብቻውን የሚስቅ ሰው አልወድም። ሰው ሲስቅ ቢያንስ ለጎረቤቱ ምክንያቱን መንገር አለበት፤ ካልሆነ በእኔ ነው የሚስቀው ብዬ ነው የማስበው። ጋሼ ብሩሽን አምስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ስረግመው የኖርኩት ለዚህ ነው።

ጋሼ ብሩሽ ያልነው እኛ የጊቢው ተከራዮች ነን። ሙያው ቤት መቀባት ነው። ስልሳን ያለፈ፣ ረጅም፣ ጫማው ላይ የከተማው ግድግዳ ሁሉ ቀለም ተንጠባጥቦ የደረቀበት፣ "ደህና ዋልሽ እህት ዓለም" ካለ በኋላ ሌላ ቃል የማይጨምር ሰው። የእሱንና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ነው። እኔ ልብስ አስተካካይ ነኝ፤ አሳጥራለሁ፣ አጠብባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። የስፌት መኪናዬ እዚያው ሳንቃ ላይ የተደገፈች ስለሆነች፣ እሱ ባስነጠሰ ቁጥር "ይማርህ" ልል እየቃጣኝ እተወው ነበር።

ቀን ሲቀባ ውሎ አመሻሹ ላይ ይመጣል። ሻይ ያፈላል፣ ወንበሩ ሲጥ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ከዚያ ሳቅ። መጀመሪያ ሳል የምትመስል ትንሽዬ ነገር፣ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ። እኔ ከወዲህ በኩል የሰው ሱሪ ጠርዝ እያጠፍኩ ጥርሴን እነክሳለሁ። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ቤቴ ውስጥ ከመኪናዋ በቀር ድምፅ ያለው ነገር የለም። ታዲያ አንድ ሰው ከእኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ምን እንዳሳቀው ሳይነግረኝ ይስቃል። ይኼ ግፍ ካልሆነ ምን ግፍ አለ?

አንድ ቀን በመስኮቱ ሳልፍ አየሁት፤ ለካ መጽሐፍ ነው። ያውም መሀሉ ላይ የተገነጠለ ግማሽ መጽሐፍ። ነገሩ ይብስ አናደደኝ፣ ምክንያቱም እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥርም አላነብም። ይህንን በጊቢው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የደንበኛ ልክ የምይዘው በክር ነው፤ ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ ሁለት፣ ለእግር ሦስት። ሰዎቹ የጥንት ጥበብ ይመስላቸዋል፣ እኔም አያቴ ያስተማረችኝ ነው እላለሁ። አያቴ መርፌ ይዛ አታውቅም።

ድመቷ የመጣችው እንዲህ ስናደድ በኖርኩበት በአምስተኛው ዓመት ነው። አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ጋሼ ብሩሽ የቀለም ባልዲ ይዞ ቆሟል፣ ባልዲው ደግሞ ይጮኻል። ሲቀባው በዋለው ባዶ ቤት ውስጥ ነው ያገኛት። ከአይጥ እምብዛም የማትበልጥ የድመት ግልገል፣ ነጭ ቀለም ውስጥ ወድቃ አንድ ጎኗ ተጣብቋል። የምግብ ዘይት ይኖርሽ እንደሆነ አለኝ፤ በአኳራጅ ባጥባት ቆዳዋ ይላጣል። አኳራጅ እነሱ ቀለም የሚያቀጥኑበት የሚያቃጥል ነገር ነው።

ዘይት መስጠት ብቻ አይደለም፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በጨርቅ ቁራጭ አንድ በአንድ ጠረግኩላት። ቧጠጠችኝ፤ ሰደብኳት። እሱ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ስጨርስ "ስሟ አራተኛ ነው" አለ። ምን ዓይነት ስም ነው ስለው፣ ከመጽሐፍ ነው ብሎኝ ድመቷን ይዞ ሄደ። ዘይቴንም ይዞ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሰሚ አገኘ መሰለኝ። የሚያነበው ለድመቷ ነው፣ የምሰማው ግን እኔ ነኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በድሮ ዘመን ሦስት ሰዓሊዎች የአንድ ንጉሥ መልክ ሊስሉ ቤተ መንግሥት ይገባሉ። ሥዕሉ እስኪያልቅ ቀለባቸው ከንጉሡ ማዕድ ነው። እነሱ ደግሞ ጠግበው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሥዕሉን ላለመጨረስ ይማማላሉ። አንዱ ጆሮ ሲስል ሌላው ያጠፋል። ሰባት ዓመት ሲሆን ንጉሡ ይሸብትና፣ ጥቁሩ ጺም ነጭ መሆን አለበት ብለው እንደገና ከአገጭ ይጀምራሉ። የቤተ መንግሥቱ ድመት እግሯን ቀለም ነክራ በንጉሡ ግንባር ላይ ስትረማመድበት፣ "ይህቺ አራተኛዋ ሰዓሊ ናት፤ ቀለብ ይቆረጥላት" ብለው ያስወስኑላታል። አፌን በሰው ሸሚዝ አፍኜ ሳቅሁ። ቃል እንዳያመልጠኝ ብዬ መኪናዬን ትቼ በእጄ መስፋት ጀመርኩ። ደንበኞቼ ሥራሽ ዘገየ አሉኝ። ይዘግይ፣ ምን ገዶኝ!

በመጨረሻ ንጉሡ ይሰለቻል። ነገ ረፋዱ ላይ መጋረጃው ይገለጣል፣ ሥዕሉ ካላለቀ አንገታችሁን ስጡ ይላል። ረፋዱ ይደርሳል፣ መኳንንቱ ይሰበሰባሉ፣ ትንሹ ሰዓሊ እጁን መጋረጃው ላይ ያሳርፋል። እዚህ ላይ ጋሼ ብሩሽ ዝም አለ።

በማግስቱ ምሳዬን በቅጡ ሳልበላ አመሻሹን ጠበቅሁ። እሱ ግን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሦስቱ ሰዓሊዎች ቤተ መንግሥት ሊገቡ ነው። ታገሥኩ። ሳምንት ፈጅቶ መጋረጃው ጋ ደረሰና እንደገና ዝም። በማግስቱ አሁንም ከመጀመሪያው። ይኼኔ ሳንቃውን በቡጢ ደበደብኩት።

"መጋረጃውስ?" አልኩ።

ወዲያ ማዶ ወንበሩ ሲጥ አለ። ቆይቶ በሬ ላይ መጣ፣ ድመቷን ደረቱ ላይ ታቅፎ። ቀሪው እዚህ የለም አለኝ።

ያን ዕለት የደንበኛ ዱካዬ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። ታናሽ ወንድም አለው። ሃያ ዓመት አብረው ቀብተዋል፤ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ የላዩን፣ ወንድሙ ከታች። መጽሐፉን ከመንገድ ዳር ሻጭ የገዙት በጋራ ነው። በምሳ ሰዓት እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ሲባባሉ፣ ታናሹ ከመሀሉ ገነጠለውና አንተ ጀምር፣ መጨረሻውን እኔ ይዤ እጠብቅሃለሁ አለው።

ጋሼ ብሩሽ የራሱን ግማሽ በጨረሰበት ሳምንት አንድ ትልቅ አዳራሽ እየቀቡ ነበር። በሙያቸው ደንብ የአንድ ግድግዳ ቀለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚበጠበጠው። ወንድሙም እንደዚያ እናድርግ ብሎ ለመነው። እሱ ግን "ዓይኔ ሚዛን ነው" ብሎ ግማሹን ብቻ በጠበጠ። ቀለሙ ግድግዳው መሀል ላይ አለቀ። በማግስቱ በዓይኑ ለክቶ ሌላ በጠበጠ፤ እርጥብ እያለ አንድ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ግድግዳው ሁለት ሆኖ ቁጭ አለ። ባለቤቱ መጥቶ ማነው የበጠበጠው ብሎ ሲቆጣ፣ ጋሼ ብሩሽ በጣቱ ወደ ወንድሙ ጠቆመ። ወንድሙ አንዲት ቃል አልመለሰም። ብሩሹን ባልዲው ላይ አጋድሞ ወጣ። ጋሼ ብሩሽም ያን ምሽት አብረው ከሚኖሩበት ካባታቸው ቤት ዕቃውን ሸክፎ ወደዚህ መጣ።

"ዋሸሁ" አለኝ። "ሄጄ ዋሸሁ ማለት ደግሞ አቃተኝ። ታላቅ ነኝ እኮ።"

ቤቱ ከተማው ማዶ፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ነው። የእሱ ክፍል ዛሬም ባዶውን ተቆልፎ ነው ያለው፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ከታረቅን እዚህ ምን አደርጋለሁ፣ ወደ ቤቴ ነው አለና ሳቅ አለ።

ያቺ ቃል ሆዴ ገብታ ቀረች። ሳቁን ይዞ ከሄደ ከሳንቃው ማዶ ምን ሊቀረኝ ነው? እውነቱን ልናገር፣ የሰው መታረቅ ደስ ይለኛል የምል ደግ ሴት አይደለሁም። የወንድማማች ነገር ነው፣ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ አፌን ዘጋሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቀዘ። እሱ በየምሽቱ ያነባል፣ መጋረጃው ጋ ይደርሳል፣ ይቆማል። ያ ጸጥታ ድሮ ካናደደኝ ሳቅ የባሰ ሆነብኝ። እሑድ ጠዋት ደህናውን ጫማዬን አድርጌ፣ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሰማያዊውን በር አንኳኳሁ።

በሩን የከፈተልኝ ሌላ ጋሼ ብሩሽ ነው፤ ያው ቁመት፣ ያው ጫማ። ሰላም ማለቱን እንኳ ረስቼ፣ የመጽሐፉን ግማሽ ፈልጌ ነው አልኩት። ብዙ ካየኝ በኋላ አስገባኝና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። አንድ ገጽ አላነበበም። መጀመሪያውን ሳላውቅ መጨረሻውን ምን አደርገዋለሁ፣ ደግሞም እጠብቅሃለሁ ብዬው ነበር አለ። ወንድሙ ዋሸሁ እንዳለኝ ነገርኩት።

"በራሱ አፍ?"

በራሱ አፍ አልኩት። ኮቱን አነሳ።

ጊቢ ስንደርስ ጋሼ ብሩሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አራተኛን በአሮጌ የቀለም ብሩሽ እያበጠራት ነው። ቀና ሲል አየን፤ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

"ቀለሙን የበጠበጥኩት እኔ ነበርኩ" አለ፣ ገና ከመቀመጫው ሳይነሳ።

"አውቃለሁ" አለ ወንድሙ። "አጠገብህ ቆሜ ነበር እኮ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። ክፍሌ ገብቼ፣ እንዳልሰማ ብዬ ክር ያልገባባትን መኪና ረገጥኳት።

ሲረጋጉ ሁለቱን ግማሾች አመጡልኝ፤ ይህንን ካንቺ በቀር ማን ይሰፋዋል አሉኝ። በቆዳ መርፌና ሰም በተቀባ ወፍራም ክር ሰፋሁት። ዓይኔ እንባ እያቀረረ በቅጡ አያይም ነበር፣ እጄ ግን ስፌት አይስትም፣ ጥብቅ አደረግኩት። ጋሼ ብሩሽ አንቺ ቅደሚና አንብቢው፣ በኋላ እወስደዋለሁ አለ። ደንበኛ ቆሞብኝ የምን ንባብ ነው ብዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ትንሽ አየኝና ተቀበለኝ። በማግስቱ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ወንድሙ ቤት ውሻ ስላለ አራተኛን ለእኔ ተዋት፤ እሑድ እሑድ እየመጣሁ አያታለሁ አለኝ።

እሑድ መጣ፣ እሱ አልመጣም። ሁለተኛውም እሑድ እንዲሁ። ከሳንቃው ማዶ ማንም አያስነጥስም። ድመቷ አመሻሽ ሲሆን ፊቷን ወደ ሳንቃው አዙራ ትቀመጣለች፤ አንጀቴን በላችኝ። ስለዚህ ታሪኩን እኔ እነግራት ጀመር፣ ሰዓሊዎቹን፣ ጺሙን፣ የድመቷን ቀለብ፣ በቃሌ የያዝኩትን ሁሉ። መጋረጃው ጋ ስደርስ ቀሪው እዚህ የለም አልኳት። መኖሬ ራሱ እዚያው ጋ የቆመ መሰለኝ።

በሦስተኛው እሑድ በሬ ተንኳኳ። የሥራ ጥድፊያ ይዞት እንደነበር ነገረኝ፤ ተኮሳትሬ ሻይ አቀረብኩለት። ድመቷ ጉልበቱ ላይ ወጣች። ከኮቱ ውስጥ መጽሐፉን አወጣና እኔ የሰፋሁበት መሀሉ ላይ ከፈተው። ከዚያ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ያዘው።

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ሽፋኑ ላይ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ተስሏል፤ ንጉሡ አሁን እግሩን ሰቅሎ በአናቱ ቆሟል። ያኔ ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። የወንድሙን ግማሽ ገልብጬ ነው የሰፋሁት። ፊደል የቆጠረ ሰው የማይሳሳተውን ስህተት ተሳስቼ፣ ጠቅልዬ በእጄ ሰጥቼዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሱ ቀና ብሎ አላየኝም። "ወንድሜ ፈትቼ ላስተካክለው ብሎ መቀስ አንስቶ ነበር" አለ። "ከለከልኩት። ደህና ስፌት ነው።" ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

መጨረሻውን አነበባችሁት ወይ አልኩት። አላነበብንም፣ አንቺ እየጠበቅሽ እንዴት ይሆናል አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበልኝ። ትንሹ ሰዓሊ እጁን መጋረጃው ላይ እንዳሳረፈ ወደ ንጉሡ ዘወር ይላል፤ ንጉሥ ሆይ፣ ከሁሉ በፊት ምሳ አይቀድምም ወይ ይላል። ሁለታችንም ሳቅን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን። ድመቷ ደንግጣ አልጋዬ ሥር ገባች።

ገጹን ሊገልጥ ጣቱን አነሳ። የቀረውን ውፍረት በዓይኔ ለካሁት፤ ቁጥር ባላውቅ ውፍረት ስለካ ነው የኖርኩት። ብዙ አይደለም።

"ይብቃን ጋሼ" አልኩት። "ለዛሬ አንድ ገጽ ይበቃኛል።"