ለጥንቸል የተሳልኩት ጃንጥላ

የልጄ ጥንቸል አንገቷ ላይ ሎሚ የሚያህል እጢ አወጣች። አዳማ ውስጥ የጋሪ ፈረሶችን የሚያክመው ዶክተር ዳሰሳትና፣ «እትዬ፣ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች እጢው ያንቃታል፤ ከተደረገች ደግሞ ከማደንዘዣው ላትነቃ ትችላለች። እርስዎ ይወስኑ» አለኝ።

ባሌ «ታርዳ ለማትበላ እንስሳ ኦፕራሲዮን!» ብሎ ሳቀ። ልጄ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ብትሞት ጸጸቱን አልችለውም፤ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩና «ይሁን፣ ያድርጉላት» አልኩ። ዳነች።

ስለቴን ሳስገባ መዝጋቢው ማን እንደዳነልኝ ጠየቁኝ። ጥንቸል ማለት አፍሬ «የቤተሰባችን አባል፤ የአንገት እጢ በኦፕራሲዮን ወጥቶለት ነው» አልኩ። «ባለቤትሽ ናቸው?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ኃጢአቴ ይቺ ዝምታ ናት።

ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያ፣ «እህታችን፣ ባለቤታቸው በኦፕራሲዮን ከአንገት እጢ ስለዳኑላቸው ጃንጥላ አስገብተዋል፤ እልል በሉ!» ተባለ። ምእመኑ እልል ሲል ባሌ አፈጠጠብኝ። እጁን ይዤ ልሾልክ ስል አንዲት እናት ነጠላዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ የእኔም ባለቤት እጢ አለባቸው፤ ኦፕራሲዮን አልደረግም ብለው ስንት ዘመን አስቸገሩኝ። አሁን የባልሽን አንገት ቢያዩት ጠባሳ እንኳ የለውም፤ እሺ አሉኝ። ሐኪሙ የት ነው ያለው?»