ውሃው የደረሰበት ችካል

በ1988 ዓ.ም. ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቦሌ ሚካኤል፣ ወንዙ ዳር አብሬያቸው የምኖረው አጎቴ ክረምት በወጣ ቁጥር ውሃው የደረሰበት ላይ በመዶሻ ችካል ይተክሉ ነበር። ቀበሌም ከዚያ ችካል አልፎ ወደ ወንዙ በኩል ቤት መሥራት ከልክሏል። እኔ ግን ለልጄ ቤት ልሠራ ፈልጌ፣ የቀበሌው ለኪ ሊመጣ ሲል ችካሉን ነቅዬ ወደ ወንዙ አስጠጋሁት። ለካ አጎቴ አይተውኛል።

«ውሃው አንተን ፈርቶ ነው ወደዚያ የሸሸው?» አሉኝ።

«አርጅተው ረስተውት ነው እንጂ ድሮም እዚያው ነበር» አልኳቸው።

በዚያው ሳምንት አረፉ።

ከቀብር ስንመለስ መዶሻቸው በረንዳው ላይ ነበር፤ መቀመጫቸው ግን ባዶ ነው። የሚቆጣኝ ሰው የለም። በማግስቱ ጠዋት መዶሻውን ይዤ ወረድኩና ችካሉን እሳቸው የተከሉበት ቦታ መለስኩት።