የእርሳስ በግ

ልጅ ሳለሁ ብረት ዝናብ ሲነካው የሚያለቅስ፣ መዳብ ደግሞ ከመብረቅ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብለው የነገሩኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ እንድሪስ ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ኑሩ ገና በእናቴ ሆድ ሳለ አባታችን ሲሞትብን፣ አያ እንድሪስ ከገራዶ ዕቃቸውን ጠቅልለው ደሴ፣ ሸዋ በር አጠገብ ካለችው ቤታችን መጡና አባት ሆኑን። ሥራቸው የመኪና ባትሪ መጠገን ነበር። ያረጀውን ባትሪ ግቢያችን ውስጥ ይፈቱታል፤ ውስጡ ያለውን እርሳስ በመጥበሻ አድርገው ከሰል ላይ ያቀልጡታል፤ ከቀለጠውም ገመድ የሚታሰርበትን የባትሪ ጫፍ እንደገና ይሠራሉ።

ያኔ መግሪብ ተሰግዶ ብርዱ ከጦሳ ተራራ መውረድ ሲጀምር፣ እኔና እናቴ ኑሩን ይዘን ከሰሉ ዙሪያ እንቀመጥ ነበር። ፍሙ የአያን ፊት ከታች ወደ ላይ ያበራዋል፤ ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ምላስ ላይም የሳንቲም ዓይነት ጣዕም ይተዋል። እኔ ግን ጭሱን እወደው ነበር፤ እሱ ሲነሳ ተረቱም ይነሳላ።

ተረታቸው ሁሉ ስለ መሬት ልጆች ነው። ብረት ጉልበተኛው የበኩር ልጅ ነው፤ ውሃና አየር ተባብረው ሲመጡበት ግን ይዝጋል። ስለዚህ ወንድሙ ዚንክ ራሱን እንደ ካባ ያለብሰዋል፤ «የጣራችን ቆርቆሮ ክረምቱን ሁሉ የሚችለው በማን ይመስልሻል?» ይሉኝ ነበር ወደ ላይ እያመለከቱ። መዳብ ለመብረቅ በሩን የማይዘጋ እንግዳ ተቀባይ ስለሆነ በመብራት ሽቦ ውስጥ ይኖራል። ወርቅ ኩሩ ነው፤ ከአየር ጋር እንኳ አይነጋገርም፤ የሙሽራ ቀለበት ስንት ዘመን ቆይቶ የማይጠቁረው ለዚህ ነው። አሉሚኒየም ዘግይታ የተወለደች፣ ክብደት የሌላት ልጅ ናት፤ ድስታችን እሷ ናት።

እኔ የምወደው የእርሳስን ነበር። «እርሳስ ሆደ ቡቡ ነው» ይሉ ነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ብረት ገና ላብ ላብ ሳይለው፣ እሱ እሳቱን አይቶ እንባው ይወርዳል።» ወዲያው መጥበሻው ላይ ያለው ግራጫ ቁራጭ ይረግብና እንደ መስታወት ያበራል። አንድ ምሽት ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ የምጽፍበት እርሳስም ሆደ ቡቡ ነው?»

«ወላሂ እሱ ስሙን ነው የሰረቀው!» ብለው ሳቁ። «የደብተርሽ እርሳስ የከሰል ወንድም ነው። ከዚህኛው ቅንጣት የለበትም።»

በዚያው ሰሞን ጭቃ ላይ ቅርጽ አወጡና ለኑሩ የእርሳስ በግ ሠሩለት። አውራ ጣት የምታክል፣ ቀንዷ የተጠመዘዘ በግ። ኑሩ ሁለት ዓመቱ ነበር። «ውሃ» ይላል፣ «ጨረቃ» ይላል፣ ዘሀራ ማለት ሲያቅተው «ዛዛ» ይለኛል። በጓን ወስዶ አፉ ውስጥ ከተታት።

ተረቱ መሃል ኑሩ ካለቀሰ እናቴ ሁለታችንንም ይዛ ወደ ቤት ትገባ ነበር። ስለዚህ በጓ ስትወድቅ ከመሬት አንስቼ፣ በቀሚሴ ጠረግ አድርጌ እሰጠዋለሁ። ይጠባታል፤ ዝም ይላል። እኔም ተረቴን እሰማለሁ። ብዙ ምሽት እንዲህ አደረግሁ።

በቀጣዩ ዓመት ኑሩ ሆዱን እየያዘ ማልቀስ ጀመረ። ምግብ እምቢ አለ፤ መልኩ ገረጣ። ቁርኣን አስቀራንለት። ቀስ በቀስ ቃላቱ ጠፉበት፤ መጀመሪያ ጨረቃ፣ በኋላ ስሜ። አንድ ቀን ጠዋት አረፋ ደፍቆ ሲንቀጠቀጥ አያ እንድሪስ ተሸክመውት ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ። እኔና እናቴ ተከተልን።

ወጣቱ ሐኪም፣ ቤታችን ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ጠየቀን። እናቴ ስትነግረው መጻፉን ተወ። ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ፣ አስቀምጦ አስረዳን።

«ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም መለየት ያቅተዋል» አለ። «ካልሲየም ወተት ውስጥ ያለው፣ አጥንት የሚሠራው ነው። እርሳስ ሲመጣ ካልሲየም መስሎት ይቀበለዋል፤ አጥንት ውስጥ ያኖረዋል። አንጎልም ድረስ ይዘልቃል።»

«ይወጣል?» አሉ አያ እንድሪስ።

«ከደሙ የተወሰነው ይወጣል። አንጎሉን የጎዳው ግን… አይመለስም፣ አባት።»

«በምን ገባው?»

«በጭሱ፣ በአቧራው። አፉ ውስጥ የሚከተው ነገር አለ?»

አያ እንድሪስ የኑሩን እጅ አዩ። በጓን ጨብጧት ነበር።

«እኔ ነኝ የሠራሁለት» አሉ።

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ።

በማግስቱ አያ እንድሪስ የግቢውን አፈር በአካፋ ገፈው አስወጡ። መጥበሻውንም፣ መዶሻውንም፣ የለበሱትንም ልብስ ከቤት አራቁ። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርደው አንድ ፋብሪካ ጥበቃ ሆኑ። ጁምዓ ጁምዓ ለኑሩ ወተት ይዘው ይመጣሉ። ደጅ ላይ እጃቸውን እስከ ክርን ታጥበው፣ ይዘውት የመጡትን ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ነው የሚገቡት። ባትሪ መንካት ከተዉ ዓመታት ካለፉም በኋላ እንዲሁ ነበር። አንድ ጊዜ «አያ፣ የወርቅን ይንገሩኝ» ብላቸው፣ «ተረት አላውቅም፣ ልጄ» አሉኝ።

ካቻምና ታመው አልጋ ላይ መዋላቸውን ሰምቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አንሰዋል። እጄን ያዙኝ።

«ዘሀራ፣ አንቺም አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ልጁን እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ያቺን በግ ስንት ምሽት በቀሚሴ እየጠረግሁ እንደሰጠሁት ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይኖቻቸው አፌ ላይ ነበሩ።

«አውፍ ብያለሁ፣ አያ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

ለቅሶው ሲበተን፣ እናቴ ኑሩን ስታጎርስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ኑሩ አሁን ጢም ያለው ሰው ነው፤ ከቃላቱ ሁሉ ውሃ ብቻ ቀርቶለታል። እናቴ እጇ ሳይቆም ሰማችኝ።

«እኔም ልብስ ሳጥብ እንዳያስቸግረኝ እሰጠው ነበር» አለችኝ። «ሲጥላት ከአልጋ ሥር ፈልጌ አውጥቼ ስንቴ ሰጥቼዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«አንቺስ?»

ተነሥቼ ለኑሩ ውሃ ቀዳሁለት። ከዚያ ወዲህ አንሥተነው አናውቅም።

ዛሬም የዚያን ዘመን ተረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አንዱም አልጠፋብኝም። እውቀታቸውም አብዛኛው ልክ ነበር። ማታ ስተኛ ጆሮዬ ላይ የሚቀረው ግን ተረቱ አይደለም፤ «አልሐምዱሊላህ» ያሉት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ መስሏቸው ኖሩ፤ አጠገባቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠን፣ ያመጡትን ወተት እየተቀበልን፣ ዝም አልናቸው።