ከአስፋልቱ ዳር የቆሙት ሽማግሌዎች

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዕቃ ደጅ ካልወጣ ገበያ አይገባም። ይህን ፀሐዩ ነው ያስተማረኝ። በዚያ ሙቀት ከማጀቴ ከተማ በኩል የመጣ ገበሬ ጨለማ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ባልዲ አይፈልግም፤ ባልዲው ራሱ ወጥቶ ገበሬውን ሊፈልገው ይገባል። ስለዚህ ጄሪካኖቼ፣ ሳፋዎቼ፣ ጥቅል ገመዱና የስፖንጅ ፍራሹ በየማለዳው ከሱቅ ይወጡና ከበሩ አንሥቶ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ይሰለፋሉ። ከላያቸው በባሕር ዛፍ ቋሚ የደገፍኩት የቆርቆሮ ታዛ አለ። መንገደኛ ታዛዬ ሥር ቆም ብሎ ላቡን ሲጠርግ ባየሁ ቁጥር ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። የቆመው ማለፊያ አጥቶ መሆኑን አላሰብኩትም።

ያ ቦታ የእግረኛ መንገድ ይባላል። እኔ ግን ደጄ ነበር የምለው። በከተማው ሱቅ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚለው፤ እግረኛ ደግሞ ሱቅ የለውም፣ ደጅ የሚለውም የለውም።

የምናገረው ባጃጅ ከተማችንን ያጥለቀለቀበትን፣ ለኮብልስቶን የሚዋጣበትንና ስብሰባ የማይቀርበትን ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከተማችንን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ከደብረ ሲና ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ የወረደ ከባድ መኪና እኛ ጋ ሲደርስ ሜዳ አገኘሁ ብሎ ይለቀዋል። ባጃጁ እንዳሻው ይቆማል። ሰው መሄጃ አጣ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ የመንገድ ኮሚቴ አቋቋመና እኔን አፈ ጉባኤ አደረገኝ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ምላስ አለው ተባልኩ።

ምላሴንም አላሳፈርኩትም። ከማዘጋጃ ቤት የመጡት ኃላፊ ፊት ቆሜ፣ «የዚህ ከተማ ሕዝብ ሁለት እግር እንጂ አራት ጎማ የለውም!» ስል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ባጃጁ ተራ ይበጅለት! ከባድ መኪና መሐል ከተማ አይቁም! የእግረኛ መንገድ ይከበር!» ኃላፊው ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጄ አላጨበጨበችም። ቀኑን ሙሉ ሕፃናት ስትጠብቅ ውላ ደክሟት ነው አልኩ።

ልጄ ያኔ ከሱቆቹ ጀርባ ባለው መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ጀምራ ነበር። እኩለ ቀን ላይ በእኛ በኩል የሚኖሩትን ሕፃናት ሰብስባ ወደየቤታቸው ታደርሳለች። አንዱ የሌላውን ልብስ ጫፍ ይዞ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይመጣሉ። እኔ ደጅ ሲደርሱ ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ፣ ፍራሾቹን ይዞራሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር። ያምሩ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ሰልፉ ፍራሾቼን ሲዞር ያለፈ አይሱዙ በጎኑ መንጠቆ የአንዱን ሕፃን ቦርሳ ጠለፈው። ማንገቻው ተበጠሰና ሕፃኑ በጉልበቱ ወደቀ። እግዜር ይመስገን፣ ከዚያ ያለፈ አልሆነም። እኔ ሮጬ አነሣሁት፣ ከረሜላ ሰጠሁት፣ ሹፌሩን እስከ ሰባት ቤቱ ረገምኩት። ልጄ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ማታ ራት ላይ አንገቷን ሰብራ፣

«አባዬ፣ ዕቃው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ቢል?» አለችኝ።

«ዕቃው ወደ ውስጥ ከገባ እኛ ወደ ውጭ እንወጣለን!» ብዬ ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም፤ አልደገመችም። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ አባቷን አንድ ነገር ሁለቴ አትጠይቅም። ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

በዚያው ሰሞን፣ ገበያ ባልሆነበት ቀን ረፋድ ላይ፣ ሦስት ሰዎች ወደ ሱቄ ሲመጡ አየሁ። የሰፈራችን ቄስ፣ የታችኛው መስጊድ ሼኽና ጡረታ የወጡ ከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ቄሱ ነጭ ጋቢ፣ ሼኹ ነጭ ጥምጥም። ሹፌሩ ኮት ለብሰዋል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ኮት የለበሰ ሰው ቁም ነገር ይዞ ነው። በአገራችን በይፋት ደግሞ ቄስና ሼኽ አብረው ከወጡ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ እምቢ እንዳይባል ነው ሁለቱን በር የዘጉት።

«ይግቡ አባ! ሼኻችን፣ ይቀመጡ!» ብዬ ተነሣሁ።

«አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

 አንቀመጥም የሚል ሽማግሌ ምን ፈልጎ እንደሚመጣ እዚህ አገር ያደገ ያውቃል። እኔም በሚስቴ አባት ደጅ ሽማግሌ እንዲህ አስቁሜአለሁ። ቤቴ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች። ወዲያው በልቤ ባለ ሆቴሉን ጎረቤታችንንና ልጁን አየኋቸው፤ ሠርጉንም አየሁት፤ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሳይቀር ወሰንኩ።

የሚቆሙበት ቦታ ስላልነበረ ሽማግሌዎቹ የቆሙት አስፋልቱ ዳር ነው። አንድ የጭነት መኪና ከኋላቸው ጥሩምባውን አስጮኸ።

«አንተ! ሽማግሌ ቆሞ አይታይህም?» ብዬ ጮኽኩበት።

የጭነት መኪናው ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ይታየኛል ጋሼ! መንገዱ ላይ ናቸዋ!»

ስድ አልኩት። ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኛ የመጣነው...»

እጄን አነሣሁ። የልጅቷ አባት ቶሎ እሺ አይልም፤ ኩራት አለው። «ዐውቃለሁ ሼኻችን። እናንተን የመሰሉ ሰዎች ከደጄ ቆመው እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። ልጄን ግን በምን እንዳሳደግኳት ታያላችሁ» ብዬ ጄሪካኖቹን በእጄ አሳየሁ። «ጨዋ ናት። ደመወዝተኛ ናት። ትምህርቷን እቀጥላለሁ ካለች መከልከል የለም። ዘርም ይቆጠራል፤ ደግሞ የልጁ አባት ማን እንደሆኑ ከአፋችሁ እሰማለሁ።»

ድምፄ ለአዳራሽ የለመደ ነው። ተራ የሚጠብቁት ባለባጃጆች ሞተር እያጠፉ ቀረብ ቀረብ አሉ።

ቄሱ ሼኹን አዩ። ሼኹ ጡረተኛውን አዩ። ጡረተኛው ፍራሼን አዩ።

«የማን አባት?» አሉ ጡረተኛው።

«የልጁ ነዋ!»

«የየትኛው ልጅ?»

ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ እጅጌዬን ሳበችኝ። «ሰውዬ፣ በናትህ አስጨርሳቸው!»

«ወላሂ፣ ይህ ሰው ኒካሑን አሥሮ ጨረሰው!» አሉ ሼኹ። ከባለባጃጆቹ መሐል አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ሼኹ ግን ፈገግታቸውን ወዲያው ሰበሰቡት። «ስማኝ ወንድሜ። ልጅህን የጠየቀ የለም። እኛን የላከችን ልጅህ ናት።»

አልገባኝም። ቄሱ ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዱኝ። ሕፃኑ የወደቀ ማግስት ከቤታቸው ሄዳ አለቀሰች። አባቴን ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው፣ አንዴ ብናገረው ሳቀ፣ ሕፃናቱን ግን ከእንግዲህ አስፋልት ላይ ማውረድ አልችልም፣ ሽምግልና ያዙልኝ አለቻቸው። «እና ዕቃህን ከመንገዱ አንሣላት። የመጣነው ለዚህ ነው።»

«ጋሼ!» አለ አንዱ ባለባጃጅ፣ «ቢጫዋን ጄሪካን እኔ ላግባት!»

«ሰማያዊዋ ታላቋ ናት፤ ቅድሚያ ለሷ ነው!» አለ ሌላው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይባላል። የሸዋ ሮቢት መሬት በበጋ እንደዚያ ተሰነጣጥቃ እንኳ አልዋጠችኝም። ሳቁን እችለው ነበር፤ ነጋዴ ተሳቀበት ብሎ አይሞትም። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ደም ለተቃባ፣ ለተኳረፈ፣ ለባዕድ ቤት ነው። ልጄ አንድ ጣሪያ ሥር እያደረች፣ ወደ አባቷ ለመድረስ ቄስና ሼኽ አስፈልገዋታል። እኔ ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝን ልጅ መንገድ ላይ ቆሜ ስድር ነበር።

አፌ ግን አመሉን አይተውም። «ግማሹን ላስገባ?» አልኩ።

«ሽምግልና ላይ ትከራከራለህ?» አሉ ሼኹ።

«እንግዲያው ቀን ስጡኝ።»

«ቀን የሚሰጠው ለሠርግ ነው» አሉ ጡረተኛው። ባለባጃጆቹ እንደገና አውካኩ።

«ይሁን» አልኩ። «ይነሣል።»

ቄሱ መረቁኝ። ሳፋዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ አግዳሚ ወንበር አወጣሁላቸው። ሊቀመጡ ጎንበስ ብለው ሼኹ ቀና አሉ። «ይኸስ ያለው መንገድ ላይ አይደለም?» ሳይቀመጡ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አስገባሁ። ሱቁ ሞልቶ እኔ ራሴ በጎኔ ነበር የምገባው። በነጋታው እኩለ ቀን ላይ ደጄ፣ ማለቴ የእግረኛ መንገዱ፣ ባዶውን ተጠርጎ ሰልፉን ጠበቀ። ሰልፉ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም።

«በጓሮ በኩል፣ በቦዩ ዳር ነው የምትወስዳቸው» አለችኝ ሚስቴ።

«መንገዱን አጽድቼላት?»

«መንገዱን አጸዳህ። ባለባጃጆቹ ግን ባዩዋት ቁጥር ሙሽሪት፣ ሙሽሪት ይሏታል። በየት ትለፍ?»

የቦዩን ዳር ዐውቀዋለሁ፤ ቆሻሻ የሚደፋበት፣ ጭቃው ጫማ የሚያስቀር ነው። ሕፃናቱን ከአስፋልት አውጥቼ ወደ ቦይ ከተትኳቸው ማለት ነው።

ቤት ውስጥ እሷም እኔም ዐይን ለዐይን አንተያይም ነበር። እራቴን ታቀርባለች፣ እጄን ታስታጥበኛለች፣ ትሄዳለች። አባት ልጁን ይቅርታ ሲል አይቼ አላውቅም፤ አባቴም አላሳየኝም። ወደ ጡረተኛው ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ከልጄ ጋር ያስታርቁኝ። ቄሱንና ሼኹንም ይዘው...»

እንግዳ ነገር እንዳየ ሰው አዩኝ። «እሷ ሽማግሌ የላከችው ስለምትፈራህ ነው። አንተ ማንን ፈርተህ ነው? ቀትር ላይ ሕፃናቱን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቁም። ሌላ አልመክርህም።»

ሱቄን በሥራ ሰዓት ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነበር። ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ስቆም ልጄ አይታኝ ደነገጠች።

«እማዬ ደህና አይደለችም እንዴ?»

«ደህና ናት። እኔ ነኝ...» አልኩ። አዳራሽ ያስጨበጨበ ምላስ ጥርሴ ሥር ደረቀ። «በዋናው መንገድ እንሂድ። አብሬአችሁ እሄዳለሁ።»

 ከሰልፉ መጨረሻ የነበረችውን ትንሽ ልጅ እጅ ይዛ እጄ ላይ አኖረችው። ወጣን። ባለባጃጆቹ ሲያዩኝ አንዱ አፉን ከፈተ፤ እኔ ወደ እሱ አላየሁም፣ እሱም መልሶ ዘጋው። ደጄን አለፍን፤ ሕፃናቱ በታዛው ጥላ ሥር ሮጡ፤ ልጄ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

ቀጥሎ የብረታ ብረት ነጋዴው ሱቅ ነው። የሲሚንቶ ከረጢትና ቆርቆሮ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ከምሮ ጥላው ሥር ተቀምጧል። የኮሚቴው አባልም ነው። አየኝ፣ አየሁት። የምለውን ሁሉ በቃሌ ዐውቀው ነበር፤ የምልበት ፊት ግን አልነበረኝም። እሱም ይህን ስላወቀ ሰላምታ ሰጥቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ቀስ ልጆች፣ ተያያዙ» አለች ልጄ።

ወደ አስፋልቱ ወረድን። እኔ በውጭ በኩል፣ በመኪናው ወገን ሆንኩ። አንድ አይሱዙ ከኋላዬ መጣ። ዞሬ ላየው አልደፈርኩም፤ የትንሿን ልጅ እጅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ሲያልፍ ነፋሱ ሸሚዜን ከጀርባዬ ገፈፈው፤ ልጅቱ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችም፣ ለምዳዋለች።