መረቡን የሰፋሁ ጠዋት

የስፌት መኪናዬ የሚቀመጠው በረንዳዬ ላይ ነው። ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉት ሰፊዎች ወንዶች ናቸው፤ እኔ ከግንቡ ውጪ፣ ከሻይ ቤት አጠገብ ነኝ። የሻይ ቤቱ ወንበር ሲሞላ ሰው የበረንዳዬ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እግር ኳስን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ሱሪ እያሳጠርኩ፣ ዚፕ እየቀየርኩ ስንት ዓመት ሰማሁት።

ሁለት ሰዎች ከዚያ አይጠፉም። አንደኛው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጀጎል ተወልዶ ያደገ፣ የጀጎል ልጆችን ቡድን የሚደግፍ። ሌላው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ሐኪም ጋራ ስለሆነ የሐኪም ጋራን ቡድን ይደግፋሉ። ሻይ የሚጠጡት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተለያይተው ሲቀመጡ አላየሁም፤ እስከዚያ ክረምት ድረስ ሲስማሙም አላየሁም።

በክረምት የሰፈር ቡድኖች ይወዳደራሉ። ዋንጫው ከሻይ ብርጭቆ ብዙ አይበልጥም። ክርክሩ ግን ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ይዘልቃል። በዚያ ክረምት ከዳኞቹ አንዷ ልጄ ነበረች።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ሜዳ ይወስዳት ነበር። እሱ ኳሷን ሲከተል እሷ ዳኛውን ትከተል እንደነበር እየሳቀ ይነግረኝ ነበር። የዳኝነት ሥልጠና ጨርሳ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትመጣ “እግዚአብሔር ይርዳሽ” አልኳት። በልቤ ግን ፈራሁ። ዳኛ ምን እንደሚባል ከበረንዳዬ እሰማለሁና።

ፍልሰታ ገብቶ ሳለ የጀጎል ልጆች ከድሬ ጠያራ ቡድን ጋር ተጫወቱ። ልጄ ዳኘች። ጀጎል አንድ ለዜሮ አሸነፈ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሰዎቼ ሻዩ ሳይቀርብላቸው ጀመሩ።

“ኳሷ በቋሚው ውጪ ነው ያለፈችው” አሉ መምህሩ።

“ጋሼ፣ መረቡ ውስጥ ተኝታ ነበር። በረኛው ራሱ ነው ከመረብ ያወጣት። ያልገባች ኳስ ከመረብ ትወጣለች?”

“በረኛው ሲምል አልሰማህም?”

“የገባበት በረኛ የማይምለው ምን አለ?”

“አንተ ምንም በል። ያቺ ዳኛ መነጽር ያስፈልጋታል።”

መምህሩ ይህን ብለው ቀና ሲሉ እኔን አዩ። “ይቅርታ እህቴ፣ እርስዎን አይደለም” አሉ።

“መነጽርስ እኔም አለኝ” አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። ዝቅ ያለው ከጩኸቱ ይልቅ ተሰማኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ኳስ ይዛ ብቻዋን ሜዳ ሄደች። ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ አመድ ሆኖ ነበር።

“እማዬ፣ በጎል አፍ አልገባችም። ከግራው ቋሚ በስተውጪ መረቡ ተቀዷል። በቀዳዳው ነው የገባችው። እኔ ውስጥ ሆና ሳያት ጎል አልኩ።”

“ለማን ነገርሽ?”

“ለአንቺ።”

“የተበደልኩት እኔ አይደለሁም” አልኳት።

ፊቷን ታጥባ ወጣች።

የሆነውን የሰማሁት ከእሷ ሳይሆን ከባጃጅ ነጂው ነው። የውድድሩን ኮሚቴ አስጠርታ፣ የቡድኖቹ ሰዎች ባሉበት “ያ ጎል ጎል አልነበረም፤ ተሳስቻለሁ” ብላ ተናገረች። የሐኪም ጋራ ሰዎች “እንግዲያው ነጥቡ ይቀነስ” አሉ። ኮሚቴው ግን ዳኛ ሜዳ ላይ የወሰነው አይሻርም አለ። ሲወጡ አንዱ “ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?” አላት።

ቤት ገብታ ፊሽካውን የቁልፍ ቆርቆሮዬ ውስጥ ጣለችው። መርፌ፣ መቀስ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የማኖርበት ነው።

“ከእንግዲህ አልነፋም” አለች።

ሱባኤ ነበር፤ የምለውን ለእመቤቴ ነገርኳት።

ነገሩ ግን አላበቃም። አንድ ጨዋታ ሲቀር የጀጎል ልጆች በአንድ ነጥብ እየመሩ ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ከሁለተኛው ጋር፣ ከሐኪም ጋራ ጋር ነው። ያ ጎል ባይኖር ጀጎል ከድሬ ጠያራ ጋር አቻ ወጥቶ ሁለት ነጥብ ያጣ ነበር፤ በአንድ ነጥብ የሚመራውም ሐኪም ጋራ ይሆን ነበር። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። እኔ እንኳ አወቅሁት።

“የቀዳዳ መሪዎች” ይላሉ መምህሩ።

“ጋሼ፣ ቀዳዳውን እኛ አላበጀነውም።”

“አላበጃችሁትም፤ ገባችሁበት እንጂ።”

ነጂው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ተነሣበት። ባጃጁን ሲያቆም “በበሩ ልግባ ወይስ በቀዳዳው?” ይሉታል። መጀመሪያ ይስቅ ነበር። በኋላ ሻዩን ሳይጨርስ መነሣት ጀመረ። ልጄም በበረንዳው በኩል መውጣት ትታ በጓሮ በር ትወጣ ነበር።

ፍልሰታ ተፈትቶ አንድ ረቡዕ አንድ ሽማግሌ መጡ። የጀጎልን ቡድን ነጂው ሳይወለድ ጀምሮ የሚረዱ፣ የማልያ ቁጥር እኔ ዘንድ የሚያሰፉ ናቸው። ነጂው ሲያያቸው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀ። ተቀመጡና የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ከኪሳቸው አወጡ።

“ዳኛዋ ያንቺ ልጅ ናት አሉኝ” አሉ።

“አዎ፣ አባቴ።”

“አልገባም ያለችው ራሷ ናት?”

“ራሷ ናት።”

“ማንም ሳይጠይቃት?”

“ማንም ሳይጠይቃት።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉና ወደ ነጂው ዞሩ። “እንግዲህ ያ ጎል ሐራም ነው።”

“አባቴ፣ ኮሚቴው እኮ አጽድቆታል።”

“ኮሚቴ ያጸድቃል። ሐላል ግን አያደርግም። ሁለቱን ነጥብ መልሱ።”

“ወላሂ ዋንጫው ይሄዳል፣ አባቴ።”

“ከሄደ ይሂድ። ከፈለጋችሁት ተጫውታችሁ አምጡት። ሐራም ዋንጫ በጀጎል በር አይገባም።”

ሽማግሌው ማልያዎቹን አስረክበውኝ፣ ቁጥር ሰባቱ እንዳይጣመም አደራ ብለውኝ ሄዱ።

ነጥቡ ተመለሰ። ቡድኑ ራሱ ስለጠየቀ ኮሚቴው የሚለው አጣ። አሁን በአንድ ነጥብ የሚመራው ሐኪም ጋራ ሆነ፤ አቻ ይበቃዋል። ጀጎል ማሸነፍ አለበት።

መምህሩ ሁለት ቀን የሚተርቡት አጡ። ሻዩም ያልጣማቸው መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን “ይህን ጨዋታ መዳኘት ያለባት ያቺ ልጅ ናት” አሉ።

“እኛም ከእሷ ሌላ አንፈልግም” አለ ነጂው።

ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። መኪናዬን አቁሜ አየኋቸው። ራሳቸውም ደንግጠው ወዲያው ስለ ሌላ ነገር መጨቃጨቅ ጀመሩ።

ሁለቱም ቡድኖች “አንቺው ዳኚን” የሚል ወረቀት ፈርመው ለልጄ ላኩላት። ወረቀቱን አንብባ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“እንደገና ብሳሳትስ?” አለችኝ።

“ቀዳዳው አሁንም አለ?” አልኳት።

“አለ።”

ቅዳሜ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ የቡና ጆንያ የሚሰፋበትን ወፍራም ናይለን ክር ገዛሁ። የጆንያ መርፌ ነበረኝ። ቆርቆሮዬን ያዝኩና ነጂውን ሜዳ አድርሰኝ አልኩት። መንገድ ላይ መምህሩ ወዴት ነው ብለው ተሳፈሩ።

አንዱን ቀዳዳ ልሰፋ ነበር የሄድኩት። ጠጋ ብዬ ሳይ ዘጠኝ ነበሩ። ሌላው ጎል ላይ ደግሞ አራት። ሁለቱ ሰዎች መረቡን ከግራና ከቀኝ ወጥረው ያዙልኝ።

“ጋሼ፣ ወደ እርስዎ ይሳቡት እንጂ።”

“ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል ስቤያለሁ።”

“ነጥብ ስንመልስም እንዲህ አልጎተትንም።”

“መርፌ የያዘ ሰው አጠገብ አታስቀኝ።”

እኔ ውዳሴ ማርያሜን በልቤ እየደገምኩ ቋጠርኩ። መረብ እንደ ጨርቅ አይሰፋም። እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው መቋጠር፣ ቋጠሮውን በጥርስ ማጥበቅ፣ በጣት ሰቅዞ መሞከር ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጣቶቼ ተልጠው ነበር።

ልጄ ስትፈልገኝ ቆይታ መጣች። ከመስመሩ ውጪ ቆመች፤ ዳኛ ናት፣ መስመር ታከብራለች።

“እማዬ፣ ምን ትሠሪያለሽ?”

“መቀሱን አቀብዪኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ነው።”

ቆርቆሮውን ከፈተች። ትንሽ ቆየች። መቀሱን ሰጠችኝ። ክሩን ቆረጥኩና ሁለተኛው ጎል ጋ ሄድኩ፤ እሷም መረቡን ያዘችልኝ። ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን ስከፍት ፊሽካው አልነበረም።

እሑድ ሜዳ ገባሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ዝናቡ ሌሊት ወርዶ ጭቃው ገና አልጠነከረም። ያ ቀዳዳ ከነበረው ጎል ወደ ጎን፣ ሽማግሌው ባስመጡልኝ ወንበር ላይ ጃንጥላዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እሳቸው አጠገቤ ነበሩ። ነጂው ከጀጎል ደጋፊዎች ጋር ከመረቡ ኋላ ቆሟል። መምህሩ ማዶ፣ ከሐኪም ጋራ ሰዎች መካከል ባርኔጣቸው ይታየኛል።

ልጄን ከሩቅ ሳያት ትንሽ ሆነችብኝ። ስትነፋ ግን ሃያ ሁለቱም ቆሙ።

ከዕረፍት በኋላም ዜሮ ለዜሮ ነበር። ጀጎል ወደተቀመጥኩበት ጎል እያጠቃ ነው፤ ሰዓቱም እያለቀ ነው። ማልያውን የሰፋሁለት ቁጥር ሰባት ኳሷን ከግራ መታት። መረቡ ሲወዛወዝ አየሁ። የጀጎል ሰው ሁሉ ጎል ብሎ ተነሣ። ተጫዋቾቹ ተቃቀፉ። ደጋፊው መስመሩን አልፎ ሜዳ ገባ።

ልጄ እጇን ወደ ጎሉ ጥግ ዘረጋች። የመልስ ምት ነው፤ ጎል አይደለም።

የተባለችውን አልጽፈውም። እኔ በበረንዳዬ ከሰማሁት ሁሉ ይከፋል። እሷ አልመለሰችም። ወደ መረቡ ሄደች፣ ከቋሚው በስተውጪ ከላይ እስከ ታች በእጇ ዳሰሰችው፣ ተመልሳም ያንኑ ምልክት አሳየች።

“አንተ አጠገቡ ነበርክ!” ብለው ሰዎቹ ነጂውን ያዙት። “ንገራት እንጂ!”

ነጂው አንዴ ወደ እኔ አየ። “በውጪ ነው” አለ።

“ምን?”

“በውጪ ነው፣ ወላሂ። መረቡ ሲሰፋ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳ የለውም። ብትገባ ኖሮ ውስጥ ነበረች፤ ኳሷ ያቻት፣ እግሬ ሥር ናት።”

ኳሷን በእግሩ ገፋ አድርጎ ለበረኛው መለሰለት። ሰዉ እያጉረመረመ ከመስመር ወጣ። ሽማግሌው ሙስበሃቸውን አልቆጠሩም፤ ይዘው ነበር። እኔም ጃንጥላዬን እንደዚያው።

ከዚያ በኋላ ጀጎል የማዕዘን ምት አገኘ። ኳሷ ተሻማች፣ አንድ ረጅም ልጅ ከሁሉም በላይ ዘለለ፣ በግንባሩ ገጫት። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል፣ በአግዳሚው ሥር ገባች። ከቋጠርኳቸው ቋጠሮዎች አንዱ ላይ አርፋ ቆመች። መረቡ ያዛት።

ልጄ ወደ መሀል ሜዳ ሮጠች። ማንም አልተከራከረም።

“ይሄኛው ሐላል ነው” አሉ ሽማግሌው።

ፊሽካው ሲያበቃ የጀጎል ሰዎች ዘፈኑ፣ ነጂውን ትከሻ ላይ አወጡት። መምህሩ ሜዳውን አቋርጠው መጥተው ባርኔጣቸውን አነሡለት። “በበሩ ገባችሁ” አሉት። ልጄን የሐኪም ጋራ አምበል ቀድሞ ጨበጣት፤ ተሸንፎ ነው የጨበጣት። ሽማግሌው አስጠርተው እጃቸውን ከራሷ በላይ ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። ጭቃ እንደተቀባች ጎንበስ አለች። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ብቀርብ አለቅስ ነበር፤ ዳኛን ደግሞ ሜዳ ላይ እናቷ አታቅፋትም። ተመስገን አልኩ። ከዚያ የሚበልጥ ቃል አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሰዎቼ ቦታቸው ላይ ነበሩ። ልጄ በበረንዳው ወጣች፤ “እንደምን አደራችሁ” አለች፤ “ደህና እግዚአብሔር ይመስገን” “አልሐምዱሊላህ” አሏት። ስትሄድ ክርክራቸውን ቀጠሉ። እኔ ጆሮዬን ጣልኩ። ስለ ማዕዘን ምቱ ተከራከሩ፣ ስለ ጭቃው ተከራከሩ፣ የረጅሙ ልጅ አያት የየት ሰፈር ሰው እንደነበሩ ተከራከሩ። ስለ መሀል ዳኛዋ ግን ያነሣ የለም። አንድ ሱሪ አሳጥሬ ጨረስኩ፣ ሁለተኛውን ጀመርኩ። አሁንም የለም።

“ጥፋቱ የመስመር ዳኛው ነው” አሉ በመጨረሻ መምህሩ። “ከዕረፍት በፊት የእኛን ልጅ ከጨዋታ ውጪ ያለው በምን ዓይኑ ነው? መነጽር ያስፈልገዋል።”

“እውነትዎን ነው፣ እሱስ አያይም” አለ ነጂው።

“መምህር” አልኳቸው፣ “እሱም እናት አለው።”

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።