ገሱባ ላይ ኳሳችንን የመለሱልን ሰዎች

ከሶዶ መነሻ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት

ገሱባ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ ዳይሬክተራችን መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጡኝ ነው። አዲስ አበባ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ሶዶ አስተማሪ ከሆንኩ ገና አምስት ወሬ ነው። በአምስት ወር ውስጥ ለአስራ አንድ ልጆች ጎልፍ አስተምሬያለሁ። እኔን ያስተማረችኝ በአዳሪ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪያችን የነበረች የውጭ አገር ሴት ናት። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ሩቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። በትንሽ ምት የከተተ ያሸንፋል። እንደ ገና ጨዋታ ሁሉም በአንድ ሩር ላይ አይረባረብም። ሁሉም የየራሱ ኳስ አለው፤ ኳሱንም ከወደቀበት ቦታ ላይ ነው የሚመታው።

ዱላዎቹን የሶዶ አናጢ ከወይራ ጠረበልን። ኳሶቹን እኔው ከቆዳ ሰፋሁ። የምንጫወተው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የከብት መዋያ ሜዳ ላይ ነው። በዚህ መሀል ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ።

«አንድ ትምህርት ቤት ከራሱ ጋር ሲጫወት ውድድር አይባልም» አሉኝ። «ሁዳዴ ሳይገባ የሌላ አገር ልጆች ካላመጣሽ፣ ሜዳው ለቦሎቄ ይታረሳል።»

አረካ ላለ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ የለም። ደብዳቤ መጠበቅ አልችልበትም። ስለዚህ ገሱባ በእግሬ ልሂድ አልኩ።

አራት ልጆች፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ወልዴ፣ እኔና በሁለት ሽልንግ የተከራየናት በቅሎ ሆነን ወጣን። በቅሎዋ ዱላዎቹን ተሸከመች። ከከተማው ወጣ እንዳልን ጣሊያን ጀምሮት የሄደው መንገድ አለቀና የእግር መንገድ ሆነ። ጣሊያን ከወጣ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ የቀጠለው የለም። ዳሞታ ተራራን ከኋላ ትተን ቁልቁል ወረድን። ቀዩ አቧራ እስከ ጉልበታችን ደረሰ። ግራና ቀኝ የእንሰት ጓሮ ነው፤ ሰዉ ከአጥሩ ብቅ እያለ «ሳሮ?» ይለናል፤ ደህና ናችሁ ወይ ማለቱ ነው። ልጆቹ ለሁሉም ቆመው ይመልሳሉ። እኔ እየሄድኩ ነው የምመልሰው።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ በቅሎዋ እንኳ ደከማት» አሉኝ ጋሽ ወልዴ።

«በቅሎዋ ዳይሬክተር የለባትም።»

እኩለ ቀን፣ ወንዝ ዳር

ከአንዲት ሴት አንድ ዘለላ ሙዝ በግማሽ ሽልንግ ገዛን። የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ የሚሉትን እርጥብ በርበሬ በነጻ ጨመረችልን። ታደሰ የሚባለው ተማሪዬ የከተማ ልጅ ነው፤ ዳጣውን ጠቅሶ ሲያበቃ እንባው ፈሰሰ።

«እናቱ ናፈቀችው» አለች ማርታ።

ማርታ የሶዶ ዳር ገበሬ ልጅ ናት፤ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአስራ አንዱ እንደሷ የሚመታ የለም። የቤቷ ቋንቋ ወላይትኛ ነው። የኔ ወላይትኛ ገበያ ከመዋል አያልፍም፤ ሶዶ ተወልጄ ይሄን መናገሩ አያኮራም፤ ግን እውነት ነው።

ገሱባ፣ ወደ አመሻሹ

የተቀበሉን አቶ አንጁሎ የሚባሉ ያገሩ ሽማግሌ ናቸው። ቆጮ በቅቤና በጎመን ቀረበልን። እኔ ገና ሳልጎርስ ስለሚጫወቱት የገሱባ ልጆች ጠየቅኩ።

«ነገ ታያቸዋለሽ። ዛሬ እረፉ።»

«አሁንም እኮ ብርሃን አለ።»

«ብርሃኑ ነገም አለ፣ ልጄ» አሉና ቆጮውን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

በማግስቱ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ ጉድጓድ ቆፈርን። ሰዉ ግጥም ብሎ መጣ። ደንቡን በአማርኛ ቶሎ ቶሎ አስረዳሁና ታደሰን ምታ አልኩት። መታ። ኳሱ መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ አረፈ። ወዲያው ሦስት የገሱባ ልጆች ሮጡ፤ ኳሱን አነሱ፤ አቧራውን ጠርገው በሁለት እጃቸው ለታደሰ ሰጡት።

«አይ፣ አይነካም» አልኩ። ማርታ መታች። የሷንም አመጡላት፤ ያውም አጥበው። ስድስት ጊዜ መታን፤ ስድስቴም ኳሳችን እጃችን ገባ። በስድስተኛው ጮህኩ።

«ተዉ አልኳችሁ! ስንቴ ልንገር? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

ኳስ ይዞ የቆመው ልጅ መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላ ሸሸ። አቶ አንጁሎ ተነሱ።

«ልጆቹን እኔ ነኝ ሩጡ ያልኳቸው» አሉ። «ከሶዶ በእግራችሁ መጥታችሁ፣ እኛ ቁጭ ብለን እናንተ ኳስ ተከትላችሁ ስትሮጡ እንይ? እዚህ እንግዳ እንዲህ አይደረግም።»

«የጨዋታው ደንብ ግን...»

«እንግዳ የሚያስለፋ ጨዋታ ለኛ አይሆንም።» ለሰዉ በወላይትኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሰዉ መበተን ጀመረ።

ቦሎቄው ታየኝ። የታረሰው ሜዳ፣ የተቆለሉት ዱላዎች፣ ሁሉም ታየኝ። ጋሽ ወልዴ ጠጋ ብለው «ይቅርታ ይጠይቁ» አሉኝ። «ምን አጠፋሁ?» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ያን ጊዜ ያጠፋሁት አልታየኝም ነበር።

ማርታ ግን ሄደች። አቶ አንጁሎ ፊት ቆማ በወላይትኛ ተናገረች። እሳቸው ሳቁ። ከዚያ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል አስቆረጡና ራሳቸው እየተራመዱ ሄደው ሜዳው መሀል ቆሙ።

«ምን አልሻቸው?»

«ኳሷ ሩቅ ሄዳ ብቻዋን ትቀራለች፣ እኔ እስክደርስ ከብት ይረግጣታል። ከኔ ኳስ ጋራ የሚቆም ሰው ስጡኝ አልኳቸው።»

ከዚያ በኋላ ላንድ ኳስ አንድ ጠባቂ ሆነ። የታደሰን ኳስ አቶ አንጁሎ አጠገቡ ቆመው ጠበቁ። የእንግዳ ኳስ ፀሐይ እንዳይመታው ብለው የእንሰት ቅጠል ዘረጉለት። ይሄ በደንቡ የለም፤ አፌን ያዝኩ። ልጆቹም ኳስ አጠገብ ቆመው አመታቱን በቅርብ አዩ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሆን «እኛስ?» አሉ። አንዲት የገሱባ ልጅ ዱላ ተቀብላ ብትሰነዝር ኳሱን ስታ አፈሩን አነሳችው።

«አርሰሽ ጨረስሽው! ቦዬ ይተከልበት!» አላት ወንድሟ።

ሁለተኛውን ግን ከወንድሟ ራስ በላይ አሳለፈችው። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

አቶ አንጁሎ ዘንድ ሄድኩ። «ጮኼብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ገበያውም ሰምቷል።» ቅጠላቸውን ከኳሱ ላይ ሳያነሱ ቀጠሉ። «ስድስት ልጆች እናመጣለን። ግን ሶዶ ላይ ከልጆቼ ኳስ ጋር የሚቆም ሰው እፈልጋለሁ። ዘበኛ አልልም፤ ተማሪ አልልም። ትልቅ ሰው። እኔ ቆሜያለሁ።»

«እሺ» አልኩ። እንደ ልማዴ ሳላስብ።

ወደ ሶዶ፣ ሽቅብ

ያሰብኩት ስንመለስ ነው። የሶዶን ትልልቅ ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ እኔም እነሱ መሀል ነው ያደግኩት። ሹሞችና ባለርስቶች ናቸው፤ የገሱባ ገበሬ እጅ ነስቶ ሲያልፍ ራሳቸውን የማይነቀንቁ ሰዎች። እነሱ ለሱ ልጅ ኳስ ይቆማሉ? ዳገቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ሶዶ

ዳይሬክተሩ «ማን አሸነፈ?» አሉኝ። ምቱን የቆጠረ ሰው አልነበረም። ስድስት ልጆች ይመጣሉ አልኳቸው፤ «እንግዲያ ይምጡ፤ ቦሎቄው ይቆያል» አሉ።

ማታ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩ። ባለርስት ናቸው።

«ማን ነው የሚቆመው?»

«እርስዎ።»

«እኔ? ለባላገር ልጅ?»

«አቶ አንጁሎ ለታደሰ ቆመዋል። በዕድሜም ይበልጡዎታል።»

እጃቸውን ታጠቡና ተነሱ። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በሦስቱ ቀን ሰባት ቤት አንኳኳሁ፤ ሁለቱ እሺ አሉ፣ አንዱ ሳቀብኝ፣ የቀሩት «እናያለን» አሉ። ገሱባ የሄድኩት ምት ላስተምር ነበር። ምት ባንድ ጠዋት ይለመዳል። ሰው እስኪደርስ ከኳሱ አጠገብ መቆም ግን እኔም ገና አልተማርኩትም፤ ከተማችንም አልተማረውም።

ዛሬ ጠዋት አባቴ ከቤት ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ልጁ ኳሱ ጋ እስኪደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ትንሽ ነው። ቶሎ ይደርሳል።»

«ወንበር ይፈቀዳል?»

«አይፈቀድም» አልኳቸው።